ተይዞ የሚያመልጥ የወንዝ ዓሣ፦ ክሩን ከማወፈራችን በፊት ምን እንይ?

ዳርቻ

ሰላም ለሁላችሁ። ውሃው ፈጣን፣ ታቹ ድንጋያማ በሆነ ወንዝ ላይ እርሳስ (ማስጠሚያ ክብደት) አስጥሞ ለሚያጠምድ ሰው ስለሚሆን ዕቃ ሐሳብ እንድትሰጡ ነው። ያለው ዕቃ ይህ ነው፦ 2.7 ሜትር ጠንካራ ዘንግ፣ 4000 መጠን ያለው ሪል (የክር መጠቅለያ)፣ 0.25 ሚሊ ሜትር ናይለን (ማሸጊያው ላይ 4.5 ኪሎ ይላል)፣ ቁጥር 10 መንጠቆ ከትል ጋር፣ 40 ግራም እርሳስ። የሚያዘው ዓሣ ከ1 እስከ 4 ኪሎ ነው። ዓሣው ይነክሳል፣ ይያዛል፣ ትንሽ ይጎትታል፣ ከዚያ ይለቃል። አልፎ አልፎ ክሩ ይበጠሳል፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን መንጠቆው ባዶውን ይመለሳል። ክሩን ወደ 0.35 ማሳደግ ያዋጣል ወይስ ሌላ የሚቀድም ነገር አለ?

ሰባት ዙር

ወንድም ዳርቻ፣ መንጠቆው ተመልሶ ከመጣ ክሩ ሥራውን ሠርቷል። ክር ማወፈር ለተበጠሰ ክር እንጂ ለለቀቀ መንጠቆ መፍትሔ አይሆንም። እንዲያውም የወፈረ ክር የውሃው ግፊት ይበልጥ ይገፋዋል፤ መሐሉ ይጎብጥና ዘንጉን ስትስብ ጉልበትህ መንጠቆው ጋ ሳይደርስ ያልቃል።

ዕቃ ከመቀየርህ በፊት የተመለሰልህን ጫፍ በደንብ እየው። የክሩ ጫፍ ተጠምዝዞ ተጠቅልሎ ከመጣ ቋጠሮው ተንሸራቶ ተፈትቷል። ነጣ ብሎ ሻካራና ጠፍጣፋ ከሆነ ድንጋይ ፈግፍጎታል። ጥርት ብሎ ከተቆረጠ የዓሣ ጥርስ፣ ስለታም ድንጋይ ወይም የተሰነጠቀ የዘንግ ቀለበት ነው። ከጫፉ ወደ ላይ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ያህል ከቀረው ክር ቀጥኖ ካገኘኸው ደግሞ ከአቅሙ በላይ ተጎትቷል፤ ፍሬኑ (ሪሉ ክር የሚለቅበትን ጉልበት የሚወስነው) ጠብቆ ነበር ማለት ነው።

መንጠቆውንም እንዲሁ። ተዘርግቶ ከመጣ ሽቦው ለዘንጉና ለፍሬኑ ቀጭን ነው። ሹሉ ተጣጥፎ ከመጣ ድንጋይ ወይም አጥንት ነክቷል። ቅርፊት ይዞ ከመጣ ዓሣው የተያዘው በአፉ ሳይሆን በገላው ነው፤ ክሩን ሲነካ የዘንጉ ጫፍ ተንቀጥቅጦ ነው የሳብከው፤ እንዲህ ያለውን ዓሣ ምንም ዕቃ አያቆየውም። ምንም ሳይሆን፣ ቅርጹን ጠብቆ ከመጣ ደግሞ በቂ ሥጋ አልያዘም፤ ካለህ ዕቃ ጋር የሚገጥመው ምክንያት ይህ ነው።

ሹል ጫፍ

ሰባት ዙር ባለው ላይ ልጨምር፤ የዳርቻ ችግር የሚጀምረው ከመንጠቆው አፍ ነው ባይ ነኝ። አፍ የምለው በሹሉና በእጀታው መካከል ያለውን ክፍተት ነው። በቁጥር 10 ላይ አንድ ወፍራም ትል ሲደራረብ ያ ክፍተት ይሞላል። ዓሣው ሲዘጋው ሹሉ የሚያገኘው ትሉን ነው፤ ከንፈሩን ቢነካም ጫፉ ብቻ ይገባል። ከዚያ ለጥቂት ሰከንድ የተያዘ ይመስላል፣ አንድ ጊዜ ጭንቅላቱን ሲነቀንቅ ይወልቃል።

ወደ ቁጥር 6 ውጣ (ቁጥሩ ሲያንስ መንጠቆው እንደሚተልቅ ለአዲስ አንባቢ ልብ ይባል)። ትሉን ከአንድ ጫፉ ሰክተህ ወደ እጀታው ግፋው፣ ቀሪው ተንጠልጥሎ ይዋኝ፤ በመንጠቆው ጉብጠት ላይ አታከማች። ምንጊዜም ቢያንስ የአፉ ግማሽ ክፍት ይሁን፣ ሹሉም ይታይ። እንደ በቆሎ ፍሬ ወይም የደረቀ ሊጥ ያለ ጠጣር ምግብ ከሆነ ደግሞ ምግቡን መንጠቆው ላይ ባትሰካው ይሻላል፤ ከመንጠቆው ጀርባ በሚንጠለጠል 1 ሳንቲ ሜትር ያህል ክር ላይ ሰክተው። አፉ ሙሉ ለሙሉ ባዶ ስለሚሆን የሚይዘው ሥጋ ይበዛል። ይህን የምታስረው ክሩን በመንጠቆው ቀዳዳ ከጀርባ አስገብተህ፣ እጀታውን 7 ወይም 8 ጊዜ ጠምጥመህ፣ መልሰህ በዚያው በጀርባ በኩል በማስገባት ነው። ክሩ በሹሉ በኩል መውጣት አለበት። በተቃራኒው ከወጣ መንጠቆው ሲሳብ ወደ ከንፈሩ መዞሩን ትቶ ተንሸራቶ ይወጣል።

ስለ ስለት፦ ሹሉን በአውራ ጣት ጥፍርህ ላይ ሳትጫን ጎትተው። ነክሶ ከቆመ ደህና ነው፤ ከተንሸራተተ ጣለው። በድንጋያማ ወንዝ ላይ አዲስ መንጠቆ እንኳ ጠጠር ላይ ጥቂት ከተጎተተ ሹሉ ይዞራል፤ ስለዚህ በየውርወራው መፈተሽ አለበት። በሞረድ መሳል ይቻላል፣ ለትናንሽ ቁጥሮች ግን አይመከርም፤ መቀየር ይሻላል።

ብዙ ሰው የማያየው የሽቦው ውፍረት ነው። ወፍራም ሽቦ እስከ ጉብጠቱ ድረስ ለመግባት ብዙ ጉልበት ይፈልጋል። ወፍራም መንጠቆ ከለስላሳ ዘንግና ከሚለጠጥ ክር ጋር ካጣመርክ ግማሽ ገብቶ ይቀራል፣ ኋላ ይወልቃል። ቀጭን መንጠቆ ከጠንካራ ዘንግና ከማይለጠጥ ክር ጋር ካጣመርክ ይዘረጋል። መንጠቆ የሚመረጠው ከዘንጉ ጋር ተያይቶ ነው።

ለስላሳ ዘንግ

እኔ ግን ተጠያቂው ዘንጉ ነው እላለሁ። 2.7 ሜትር ጠንካራ ዘንግ ዓሣው ጭንቅላቱን ሲነቀንቅ አይከተለውም። በእያንዳንዱ ንቅናቄ ክሩ ለቅጽበት ይላላል፣ ወዲያው ደግሞ ይወጠራል። መንጠቆው የገባበት ቀዳዳ የሚሰፋው እንዲህ ነው።

የዘንግ ጥንካሬ የሚለካው ጫፉን ከመያዣው ጋር 90 ዲግሪ እስኪሠራ ድረስ ለማጉበጥ በሚያስፈልገው ክብደት ነው። ባርብል ለሚባለው ባለ ጢም የወንዝ ዓሣና ለመሰሎቹ የሚመረጠው ከ0.57 እስከ 0.8 ኪሎ ያለው ነው (በፓውንድ ከ1.25 እስከ 1.75 ተብሎ ይጻፋል)። የሚስማማውን ክር ለማግኘት ያንን ቁጥር በ5 ማባዛት የቆየ ልማድ ነው፤ 0.7 ኪሎ ከሆነ 3.5 ኪሎ ክር። እስከ 7 እጥፍ ብትወጣ ችግር የለውም። ከ4 እጥፍ በታች ከወረድክ ግን ዘንጉ ለክሩ ይጠነክርበታል፣ ክሩም በቀላሉ ሊበጠስ ይችላል። የ1.25 ኪሎ ዘንግ ላይ 4.5 ኪሎ ክር ስትጭን እጥፉ 3.6 ብቻ ነው። የዳርቻ ዘንግ ወደዚያ የሚጠጋ ይመስለኛል።

ርዝመቱም ወሳኝ ነው። 3.3 ወይም 3.6 ሜትር ዘንግ ከፍ ሲል አብዛኛውን ክር ከውሃው በላይ ያነሣዋል፤ ድንጋይ ላይ የሚተኛው ክር ያንሳል፣ የውሃው ግፊትም የሚያገኘው ክር ጥቂት ነው። ጉብጠቱ ደግሞ ከጫፉ ብቻ ሳይሆን ወደ መሐሉ የሚወርድ ይሁን።

ዳርቻ

አመሰግናለሁ። ዘንጉ ላይ የተጻፈው ቁጥር በፓውንድ 2.75 ነው። ማለስለስ የሚቻልበት መንገድ ከሌለ መቀየሩ አይቀርም። ጉንጉን ክር (ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተጎነጎነ) ብሞክርስ? ቀጭን ሆኖ ብዙ ኪሎ ይችላል ይባላል።

ለስላሳ ዘንግ

2.75 ፓውንድ ማለት 1.25 ኪሎ ነው፤ እንደገመትኩት። ዘንጉ እስኪቀየር ድረስ ልስላሴውን ከክሩና ከፍሬኑ አግኘው። ጉንጉን ክር ግን ከዚያ ዘንግ ጋር ፈጽሞ አይሁን።

ጠጠር

በጉንጉን ክር ላይ አልስማማም። እርሳስ አስጥሞ ለሚያጠምድ ሰው ጉንጉን ክር ንክሻውን ወዲያው ያሳያል፤ ቀጭን ስለሆነም ውሃው አይገፋውም፣ በ40 ግራም ፋንታ 25 ግራም ሊበቃ ይችላል። ንክሻውን ዘግይቶ ያወቀ ሰው የከንፈር ጫፍ ነው የሚይዘው፤ የሚያመልጠውም ያ ነው።

ሰባት ዙር

ጠጠር፣ ስለ ንክሻው ያልከው ልክ ነው። ነገር ግን ቁጥሩን እንይ። ተራ ናይለን ሊበጠስ ሲል ከርዝመቱ 20 በመቶ አካባቢ ይለጠጣል፣ ጉንጉን ክር 5 በመቶ እንኳ አይሞላም። 20 ሜትር ክር ውጭ ካለ ናይለኑ 4 ሜትር ያህል የሚሰጥ ትራስ አለው፤ ጉንጉኑ አንድ ሜትር አይሞላም። ዓሣው ዳር ደርሶ 3 ሜትር ክር ሲቀር የናይለኑ ትራስ ራሱ ወደ 60 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። ዓሣ እግር ሥር ደርሶ የሚያመልጥበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው፤ በጉንጉን ክርና በጠንካራ ዘንግ ደግሞ ጨርሶ ትራስ የለም።

ሁለተኛው ድንጋዩ ነው። ጉንጉን ክር ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ስለሆነ ተወጥሮ ድንጋይ ጠርዝ ላይ ሲፈገፈግ፣ ያንኑ ያህል ኪሎ ከሚችል ናይለን ቶሎ ይቆረጣል። የግድ ከተፈለገ በጉንጉኑ ጫፍ ላይ ከ6 እስከ 8 ሜትር 0.30 ናይለን ይታሰር። ድንጋዩን የሚነካው ናይለኑ ይሆናል፣ ዳር ሲደርስም የሚለጠጥ ክር አለህ።

ጠጠር

ከናይለን መሪ (ጫፉ ላይ ከሚታሰረው ክር) ጋር ከሆነ ተስማምተናል፤ እኔም ያለ መሪ ይሁን አላልኩም። አንድ ነገር ግን ልጨምር፦ ናይለን ሲረጥብ ጥንካሬው ይቀንሳል፤ ማሸጊያው ላይ ያለው 4.5 ኪሎ በደረቁ የተለካ ሊሆን ይችላል። ፍሎሮካርቦን የሚባለው ክር ውሃ አይመጥም፣ ፍግፈጋም ይችላል፣ ከናይለን ይከብዳልና ታች ይተኛል። ለመንጠቆው አጭር ክር እሱን እመርጣለሁ። ቋጠሮው ላይ ግን አስቸጋሪ ነው፤ በደረቁ ካጠበቅኸው ራሱን አቃጥሎ ይሰነጠቃል።

ሰባት ዙር

ወደ ቋጠሮ ከመጣን ትንሽ ልቆይበት። ማንኛውም ቋጠሮ ክሩ ላይ የጥንካሬ ቅናሽ ያመጣል፤ በደንብ የታሰረ ከ80 እስከ 90 በመቶ ያህሉን ያቆያል። በውርወራ ጊዜ ንፋስ የሚቋጥረው ተራ ቋጠሮ ግን ጥንካሬውን እስከ ግማሽ ሊያወርደው ይችላል። ክሩን በሁለት ጣት መሐል እያሳለፍክ ስትፈትሽ ትንሽ እብጠት ካገኘህ፣ ልፍታው አትበል፣ ቁረጠው።

ለመንጠቆና ለስዊቭል (ክሩ እንዳይጠማዘዝ የሚሽከረከር ማያያዣ) የምመክረው ክሩን በቀዳዳው አሳልፎ፣ ከዋናው ክር ጎን ዘለበት ሠርቶ፣ በዘለበቱ ውስጥ 5 ጊዜ መጠምጠም ነው። ከማጥበቅህ በፊት በምራቅ አርጥበው። ቀስ ብለህ ሳብ፣ ዙሮቹ አንዱ ባንዱ ላይ ሳይወጡ ጎን ለጎን ይተኙ። ከተደራረቡ እንደገና እሰር። ከዚያ ወደ ቀዳዳው አንሸራትተው፣ 2 ሚሊ ሜትር ትርፍ ትተህ ቁረጥ። ለቀጭን ጉንጉን ክር ዙሩን ወደ 7 ወይም 8 አሳድግ፤ በ5 ዙር ይንሸራተታል። አስረህ ስትጨርስ መንጠቆውን ፒንሳ ላይ አስይዘህ በእጅህ ጎትት፤ የሚፈታ ከሆነ ዓሣው ላይ ሳይሆን እጅህ ላይ ይፈታ።

ሞላ

ስለ ፍሬን ማንም በቁጥር አልተናገረም፤ ለእኔ የመጀመሪያው እሱ ነው፤ ለማስተካከል ምንም መግዛት አያስፈልግምና።

ፍሬኑ በጣት ግምት አይስተካከልም። ባለ ሞላ ሚዛን አምጣ። ክሩን በሁሉም ቀለበቶች አሳልፈህ ከሚዛኑ ጋር እሰር፣ ዘንጉን 45 ዲግሪ ያዝ፣ ሌላ ሰው ሚዛኑን ይጎትት። ክሩ መውጣት ሲጀምር ሚዛኑ ማንበብ ያለበት በዕቃህ ውስጥ ካለው ደካማ ክር ከሩብ እስከ ሲሶ ያህሉን ነው። 4.5 ኪሎ ክር በቋጠሮው ሲቀንስ 3.8 ያህል በለው፤ እንግዲህ ፍሬኑ ከ0.95 እስከ 1.25 ኪሎ ባለው መካከል ይልቀቅ። ይህ ሲያነቡት ትንሽ ይመስላል። በእጅ ሲሞከር ግን አብዛኛው ሰው ከዚህ እጥፍ አድርጎ ነው የሚያጠብቀው።

ለምን ሩብ ብቻ? ምክንያቱም ፍሬኑ ላይ ያስቀመጥከው ቁጥር ዓሣው ጋ ሲደርስ ያድጋል። ዘንጉ በጎበጠ መጠን ክሩ ቀለበቶቹ ላይ ይፈገፈጋል። ውሃው ክሩን ይገፋል። ከሁሉም በላይ ደግሞ ስፑሉ (ክሩ የሚጠቀለልበት የሪሉ ክፍል) ሲጎድል መጎተቻው ይጠነክራል፦ ሙሉ ሆኖ 50 ሚሊ ሜትር ስፋት የነበረው የክር ጥቅል ወደ 25 ቢወርድ፣ ፍሬኑን ሳትነካው ዓሣውን የሚይዝበት ጉልበት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ዓሣው ቁልቁል ብዙ ክር ወስዶ ሲሄድ ፍሬን ማጥበቅ ክር ማስበጠስ ነው፤ ማላላት ነው የሚገባው። ስፑሉም ከመጀመሪያው ከጠርዙ 2 ሚሊ ሜትር ዝቅ እስኪል ድረስ ሙሉ ይሁን።

ሚዛኑ ሲያነብ አንድ ነገር ተመልከት። ለመጀመር 1.8 ኪሎ ፈልጎ ከዚያ በ1 ኪሎ የሚሮጥ ፍሬን የተጣበቀ ፍሬን ነው፤ መንጠቆ የሚነቅለውም ክር የሚበጥሰውም ያ የመጀመሪያው ቅጽበት ነው። ስፑሉን ፍታ፣ የፍሬኑን ሮንዴላዎች ከነተራቸው አውጣ፣ አሸዋና ዝገቱን ጥረግ። የሱፍ ከሆኑ ለሪል ፍሬን የሚሆን ግራሶ በስሱ ቀባ፤ ተጨፍልቀው ከጠነከሩ ቀይር። ዕቃውን ስታስቀምጥ ፍሬኑን ሙሉ በሙሉ አላላው፤ ተጠብቆ ከከረመ የሚጣበቀው ያኔ ነው።

ፍሬኑ ክር እየለቀቀ ሳለ እጀታውን አታዙር። 5 ለ 1 በሚያዞር ሪል እያንዳንዱ የእጀታ ዙር ክሩ ላይ 5 ጥምዝ ይጨምርበታል። በኋላ ሲላላ ዘለበት ይሠራና ጫፉ ቀለበት ላይ ይጠመጠማል፤ ቀጣዩ ዓሣ ሲሮጥ እዚያው ይበጠሳል።

የድንጋይ ሥር

በድንጋያማ ወንዝ ላይ ዓሣ የሚያስመልጠው እርሳሱ ነው፤ እስካሁን አልተነሣም። ዓሣው ተይዞ ሲሮጥ እርሳሱ ድንጋይ መሐል ይሰነቀራል። አሁን አንተ የምትጎትተው ድንጋዩን ነው፤ ዓሣው በበኩሉ ከቆመ ነገር ጋር ታስሮ ጭንቅላቱን ይነቀንቃል፤ ዘንግህም ፍሬንህም አይረዱትም። በሁለት ሦስት ንቅናቄ ይወልቃል። መንጠቆው "ባዶውን" የሚመለሰው አንዳንዴ በዚህ ነው።

እርሳሱን በዋናው ክር ላይ በቀጥታ አታስር። ዋናው ክር ላይ በነፃ የሚንሸራተት ስዊቭል አስገባ፣ ከእሱ ሥር ዶቃ፣ ከዶቃው ሥር ሌላ ስዊቭል ከመንጠቆው ክር ጋር። በሚንሸራተተው ስዊቭል ላይ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ቀጭን ናይለን (0.18 ያህል፣ 2.5 ኪሎ) እሰርና እርሳሱን ጫፉ ላይ አንጠልጥል። ሲሰነቀር የሚበጠሰው ይህ ቀጭን ክር ብቻ ነው፤ ዓሣውም የቀረው ዕቃም ይተርፋል። ዶቃው ስዊቭሉ ቋጠሮውን እንዳይቀጠቅጠው ነው። ስትወረውር ግን በችኮላ አትወንጭፍ፣ ቀስ ብለህ አወዛውዘህ ልቀቀው፤ አለበለዚያ ቀጭኑ ክር ይበጠስና እርሳሱ በአየር ላይ ተለይቶ ይሄዳል።

የመንጠቆው ክር ከዋናው ክር ትንሽ ይድከም። መበጠስ ካለበት መንጠቆው አጠገብ ይበጠስ፤ ዓሣው ብዙ ሜትር ክርና እርሳስ እየጎተተ መሄድ የለበትም። ይህን እንደ ግዴታ ነው የማየው።

ጥልቅ ውሃ

ለአምባዛ ከሆነ ቁጥሮቹ ይለወጣሉ። መንጋጋው ላይ እንደ ሞረድ የሚሆኑ ጥቃቅን ጥርሶች አሉት፤ ክሩን አይቆርጡትም፣ ቀስ በቀስ ይፈገፍጉታል። የመጨረሻው 50 ሳንቲ ሜትር 0.50 ወይም 0.60 ናይለን ይሁን። ገላውን ስለሚያሽከረክር ጥሩ ስዊቭል የግድ ነው። መንጠቆው ሹሉ ወደ ውስጥ የዞረ ክብ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል፤ ነገር ግን በእሱ ሲነክስ ዘንግ መንጠቅ የለም። ክሩ እስኪወጠር ጠብቀህ የሪሉን እጀታ ብቻ አዙር፣ መንጠቆው ራሱ ዞሮ የአፉን ማዕዘን ይይዛል። ከነጠቅክ ከአፉ ታወጣዋለህ።

ስለታም ጥርስ ላላቸው ዓሦች ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር የሽቦ መሪ ነው፤ ሌላ አማራጭ የለም።

ዳርቻ

እጅግ ጠቃሚ ነው። እንግዲህ የሚከተለውን አሰብኩ፦ 3.6 ሜትር፣ 0.8 ኪሎ ዘንግ፤ ዋና ክር 0.28 ናይለን፣ 5.5 ኪሎ፤ የመንጠቆ ክር 0.25፣ 60 ሳንቲ ሜትር፤ ቁጥር 6 መንጠቆ፤ እርሳሱ በ0.18 ክር። ፍሬኑ 1.1 ኪሎ። ጥርስ (ከሹሉ ሥር ወደ ኋላ የዞረ እሾህ) የሌለው መንጠቆስ ይሻላል?

ሹል ጫፍ

ዕቃው አሁን ተመጣጥኗል፤ 5.5 ለ0.8 ወደ 7 እጥፍ ነው፣ ለድንጋያማ ታች የሚያስፈልግ ትርፍ ነው። ቁጥር 6ቱ መካከለኛ ሽቦ ይሁን። ጥርስ የሌለው መንጠቆ በትንሽ ጉልበት እስከ ጉብጠቱ ይገባል፣ ለዓሣውም ለእጅህም ይራራል፤ ክሩ ለአንድ ሰከንድ ቢላላ ግን ይወጣል። በለስላሳ ዘንግ አይላላም፣ ስለዚህ እመክረዋለሁ። አሁን ባለህ ጠንካራ ዘንግ ከሆነ ጥርሱን በፒንሳ በከፊል ብቻ ተጫነው።

ሞላ

መረቡን ረሳኸው። አፉ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር፣ እጀታው ከ2 ሜትር የማያንስ፣ ክሩ ቋጠሮ የሌለው ወይም ላስቲክ የተቀባ። ባርብል የጀርባ ክንፉ እሾህ እንደ መጋዝ ጥርስ አለው፤ በቀጭን ቋጠሮ መረብ ይተበተባል። ከዓሣው በታች ቁም፤ ከላይ ከቆምክ ዓሣውንም ውሃውንም ነው የምትጎትተው። መረቡን አስቀድመህ ውሃ ውስጥ አስጥመህ አቆየው፣ ዓሣውን ወደ እሱ ሳበው፤ መረቡን ይዘህ ዓሣውን አታሳድድ፣ የመረቡ ጠርዝ ክሩን ከነካው ያበቃል። በዚያች ሰዓት ፍሬኑን ሩብ ዙር አላላ፤ ሰባት ዙር ያለው 60 ሳንቲ ሜትር ትራስ ብቻ ነው የቀረህ።

የድንጋይ ሥር

የመንጠቆ ክሩን ወደ 40 ሳንቲ ሜትር አሳጥረው፤ 60ው በፈጣን ውሃ ድንጋይ ሥር ይገባል። ከእያንዳንዱ ዓሣ በኋላም የዋናውን ክር የመጨረሻ አንድ ሜትር በጣትህ አሳልፈህ ፈትሽ። ከሻከረ ቁረጥና እንደገና እሰር። የዘንጉን ቀለበቶችም በጥጥ ፈትሻቸው፤ ጥጡ የሚያዝበት ቀለበት ተሰንጥቋል፣ የምትገዛውን አዲስ ክር ሁሉ ይቆርጠዋል።